የእርጥበቱ ምንጭ ሳይለይ ግድግዳው አይቆረጥም

ጥያቄ፦ «ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የምንኖርበት ቤት የብሎኬት ነው፤ ከተሠራ 9 ዓመቱ። በሳሎኑና በመታጠቢያ ቤቱ መካከል ያለው ግድግዳ ካቻምና ክረምት ላይ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቀለሙ መነፋት ጀመረ። ግንበኛ ጠርተን የሳሎኑን ልስን አስፍቀን፣ ውሃ መከላከያ በተጨመረበት ሲሚንቶ አስለስነን ዘይት ቀለም አስቀባን። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአዲሱ ልስን በላይ ወገብ ድረስ እንደገና ብቅ አለ፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም ይረግፋል። ዘንድሮ ጥምቀት አልፎም አልደረቀም። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለሆነ የጎረቤት ግቢ ከኋላችን ከፍ ብሎ ይገኛል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም ሮቶ አለን። አሁን ግንበኛው ‹ከመሬት የሚወጣ ነው፤ ግድግዳውን ከሥር እየቆረጥን ላስቲክና ሬንጅ እናስገባበት› ይላል። እናስቆርጠው?»

ምላሽ፦ አያስቆርጡት፤ ቢያንስ ምንጩ እስኪለይ ድረስ። «ከመሬት የሚወጣ ነው» የተባለው ግድግዳው ከታች ስለረጠበ ብቻ ይመስላል። ውሃ ከየትም ይግባ ከየት ማረፊያው ታች ስለሆነ፣ የታችኛው ክፍል መርጠብ ብቻውን የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። ከጻፉት ውስጥ የሚጠቅሙት ፍንጮች ሌሎች ናቸው፤ ግድግዳው የውጭ ሳይሆን የውስጥ መሆኑ፣ ጀርባው መታጠቢያ ቤት መሆኑና ከጥምቀት በኋላም አለመድረቁ። እነዚህ አንድ ላይ ሲታዩ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱ ይጠረጠራል፣ ቀጥሎ ከላይ ያለው የጎረቤት ግቢ፣ መሬቱ መጨረሻ ላይ።

ብሎኬት ውስጡ ክፍት መሆኑን አይርሱ። ክፍተቶቹ ከሞላ ጎደል ቁልቁል የተያያዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ቢደፈን እንኳ ውሃ በመጋጠሚያዎቹ በኩል መውረጃ አያጣም። ስለዚህ ከሻወሩ ቧንቧ ጀርባ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ቢኖር፣ ውሃው እዚያው ቦታ ላይ ላይታይ ይችላል። በብሎኬቱ ሆድ ወርዶ ግሬድ ቢሙ (ግድግዳውን ከሥር የሚሸከመው የኮንክሪት አግዳሚ) ላይ ይቆማል፣ ከዚያ በልስኑ በኩል ወደ ጎንና ወደ ላይ ይጠጣል። ከውጭ የሚታየው ደግሞ ልክ ከመሬት የወጣ የሚመስል ከወለል ጀምሮ የተዘረጋ እርጥብ ቀበቶ ነው። በብሎኬት ቤት «ከመሬት የሚወጣ» ተብሎ ከሚፈረድበት ውስጥ ብዙው እንዲህ ያለ ነው። በእርግጥ ውሃ ከመሬት በቀጫጭን ቀዳዳዎች ተስቦ ይወጣል፤ ነገር ግን ይህ በብዛት የሚታየው ግሬድ ቢም በሌላቸው፣ በድንጋይና በጭቃ ወይም በድፍን ጡብ በተሠሩ ቤቶች ነው። ያኔም ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በተጨማሪም አንድ ግድግዳ መርጦ ሌሎቹን አይተውም።

ባለፈው ጥገና ጊዜ የተደረገው ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። ውሃ መከላከያ የተጨመረበት ልስንና ዘይት ቀለም ውሃው ወደ ግድግዳው እንዳይገባ አልከለከሉትም፤ የከለከሉት ወደ ሳሎን እንዳይተን ነው። የሚገባው ሳይቀንስ መውጫው ሲዘጋ እርጥበቱ ከተለሰነው በላይ ያለውን አሮጌ ልስን እስኪያገኝ ወጣ። ስለዚህ ከስንዝር ወደ ወገብ ከፍ ማለቱ የውሃው መጠን እንደጨመረ አያሳይም። ያው ውሃ ነው፤ የሚተንበት ቦታ ተቀየረ እንጂ።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ በሲሚንቶው፣ በአሸዋውና በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይወስደዋል፤ ፊት ላይ ሲተን ጨውን ጥሎ ይሄዳል፤ ጨው ሲጠነክር ቀለሙንና ልስኑን ገፍቶ ያፈርሳል። ሻጋታ ከሆነ ለመለየት ቆንጥረው ውሃ ውስጥ ይጨምሩት፤ ጨው ይሟሟል፣ ሻጋታ አይሟሟም። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ በረኪና ጠብ ያድርጉበት፤ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከነጣ ሻጋታ ነው። ጨውን በብሩሽ በደረቁ ጠርገው ይጣሉት እንጂ በውሃ አይጠቡት፤ ካጠቡት ተመልሶ ይገባል። መቅመስም አያስፈልግም፤ የፍሳሽ ጉድጓድ ውሃ ሊኖርበት ይችላል።

ምንም መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት እርሳስና ደብተር ይያዙ። እርጥበቱ የሚያልቅበትን መስመር በእርሳስ አስምረው ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ፤ በየሦስት ቀኑ ይድገሙት፤ ፎቶም ያንሱ። በደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይመዝገብ፤ የቧንቧ ውሃ የመጣበት ቀን፣ ዝናብ የጣለበት ቀን፣ ሻወሩ ብዙ ጥቅም ላይ የዋለበት ቀን (ለምሳሌ ልብስ የታጠበበት ወይም እንግዳ ያደረበት)። ሦስት ሳምንት ይበቃል። እርጥበት ሁሉ የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው፤ ከጣሪያ የሚገባ ዝናብ በሰዓታት ይታያል፤ ከተዳፋት የሚሰርግ ውሃ በሰኔና በሐምሌ ጀምሮ ክረምቱ ካለፈ ሳምንታት በኋላም ይቆያል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን እየሳሳ ይሄዳል፤ የቧንቧ ውሃ ክረምት ከበጋ አይለይም። የእርስዎ ግድግዳ በጥምቀት ማግሥት ርጥብ መሆኑ የዝናቡን ጥርጣሬ በጣም ያሳንሰዋል። «ያሳንሰዋል» ብቻ ያልኩት በዘይት ቀለም የታሸገ ግድግዳ የክረምቱን ውሃ ለወራት ሊይዝ ስለሚችል ነው፤ ስለዚህ ነፃ አላወጣውም።

ፈረቃ ለኑሮ ፈተና ቢሆንም ለዚህ ሥራ ግን ይጠቅማል። የመስመሩ ውሃ ግፊት ያለው በመጣበት ቀን ብቻ ነው፤ ከሮቶ የሚወርደው ግን ሁልጊዜ አለ፣ ግፊቱም ትንሽ ነው። የሮቶው ውሃ ከቧንቧው በ3 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ያህል ነው፤ የመስመሩ ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። እርጥበቱ ውሃ በመጣ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ከፍ የሚል ከሆነ፣ የተበሳው ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለው መስመር ነው፤ ወይም ከመስመሩ በቀጥታ ወደ ቤት የሚገባ ቅርንጫፍ። ፈረቃው ኖረም ቀረም የማይለወጥ ከሆነ ከሮቶ በታች ያለውን ይጠርጥሩ። ሻወሩ በዋለበት ቀን ብቻ የሚከተል ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከቧንቧው ላይ ሳይሆን ከወለሉ ወይም ከፍሳሽ መውረጃው ነው።

ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለውን ለመፈተን ውሃ የመጣበትን ቀን ይጠብቁ። የሮቶውን መግቢያ ቫልቭ ይዝጉ፤ ከመስመሩ በቀጥታ የሚጠጣ ሌላ ቧንቧ ካለም ይዝጉት፤ ከዚያ ቆጣሪው መስታወት ውስጥ ያለችውን ትንሽ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን ለግማሽ ሰዓት ይከታተሉ። ከተንቀሳቀሰች ውሃው የሚሄድበት ቦታ አለ። ያልተንቀሳቀሰች እንደሆነ መስመሩ ነፃ ነው ማለት ይቻላል፤ በጣም ጥቂት ጠብታ ግን ብዙ ቆጣሪዎች አይቆጥሩትም።

ከሮቶ በታች ላለው መስመር ብዙ ሰው የሚያደርገው ማታ ሮቶው ላይ ምልክት አድርጎ ጠዋት ማየት ነው። ይህ ለትልቅ ፍሳሽ እንጂ ለእንዲህ ዓይነቱ አይሆንም። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን 20 ሊትር ያህል ነው፤ ግድግዳን ለማበስበስ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ወርዱ 1.20 ሜትር በሆነ ሮቶ ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት 11 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ሌሊት የሚወርደው ስድስት ሰባት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በላስቲክ በርሜል ላይ ይህን በዓይን መለየት አይቻልም።

የተሻለው ዘዴ ግንበኛው ለውሃ ልክ የሚጠቀምበት ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን ጎማ ነው። ከሮቶ የሚወርደውን ቫልቭ ይዝጉ። የሽንት ቤቱን ሳጥን መግቢያና የውሃ ማሞቂያውን መግቢያም ይዝጉ፤ ሁለቱም ራሳቸው ሊያፈሱ ስለሚችሉ ውጤቱን ያበላሻሉ። ጎማውን ከአንድ የቧንቧ አፍ ጋር በማሰሪያ አጥብቀው አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ያቁሙት፣ በውሃ ይሙሉት፣ የዚያን ቧንቧ እጀታ ይክፈቱና አየሩ እስኪወጣ ጠብቀው ደግመው ይሙሉ። ሌላው ቧንቧ ሁሉ ዝግ ይሁን። ከዚያ ደረጃውን በስኮች ምልክት ያድርጉ። የውስጥ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ በ10 ሳንቲ ሜትር የሚይዘው 8 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያፈስ መስመር ጎማው ውስጥ ያለውን ውሃ በደቂቃ አንድ ስንዝር ገደማ ያወርደዋል። ከዚያ በጣም ያነሰ ፍሳሽም በአንድ ሰዓት ውስጥ በግልጽ ይታያል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ወርዶ ከቆመ አየር ነው፤ ሳያቋርጥ ከወረደ ፍሳሽ ነው። ቀጥሎ የሙቅ ውሃውን መስመር ከቀዝቃዛው ለይተው ይድገሙት፤ የትኛው እንደሆነ ካወቁ የሚሰበረው ሴራሚክ በግማሽ ይቀንሳል።

ጎማው ቢቆምም ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም፤ በሁለት ሜትር ውሃ የማያፈስ ስንጥቅ በመስመሩ ግፊት ሊያፈስ ይችላል። ደብተሩ የውሃ ቀንን ከጠቆመ፣ የእጅ ግፊት መሞከሪያ ያለው የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ፤ መስመሩን ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጎ ይሙላው፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት የመለኪያውን መርፌ አብራችሁ እዩ። በዚህ ግፊት ማሞቂያውንና የሽንት ቤቱን ሳጥን መነጠል ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ሊበላሹ ይችላሉ።

ፍሳሹ የቧንቧ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው ቀጥታው መስመር ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። በፒፒአር (በሙቀት በሚበየድ የፕላስቲክ) ቧንቧ ሁለት ቦታ በብዛት ያፈሳል። አንደኛው ከሻወሩ እጀታ ጀርባ ያለው ውስጡ የነሐስ ጥርስ ያለው ክርን ነው፤ ቴፍሎን በዝቶበት በኃይል ሲጠበቅ ላስቲኩ ከነሐሱ ዙሪያ በፀጉር ልክ ይሰነጠቃል፣ ፍሳሹም ከዓመታት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ሁለተኛው በደንብ ያልሞቀ ብየዳ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በ260 ዲግሪ ለ5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ ሜትር ደግሞ ለ7 ሰከንድ መሞቅ አለበት፤ መብራት ሲደክም ማሽኑ ሙቀቱን ሳይደርስ የተበየደ መጋጠሚያ ለዓይን የተያያዘ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልተዋሐደም። አሮጌ የብረት ቧንቧ ከሆነ ጥርሱ ላይና ጂፕሰም በነካበት ቦታ ዝጎ ይበሳል፤ እሱን መጠገን ጊዜ ማባከን ነው፣ መስመሩን መቀየር ይሻላል።

አሁን ወደ ወለሉ። ሻወር ቤት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጥፋቶች ስላሉ አንድ ላይ ከፈተኗቸው ምንም አይለዩም፤ ሁለት ሦስት ቀን እያራቁ በተናጠል ይፈትኗቸው። መጀመሪያ የፍሳሹ ቱቦ፤ በጀሪካን 20 ሊትር ውሃ፣ ወለሉን ሳይነካ፣ ጎማ ወደ ፍሳሹ አፍ አስገብተው በቀጥታ ያፍሱ። ግድግዳው ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ለውጥ ከታየ ቱቦው ወይም ሲፎኑ (ሽታ እንዳይመለስ ውሃ የሚይዘው ክፍል) ነው። ሁለተኛ ወለሉ፤ የፍሳሹን አፍ በጨርቅና በላስቲክ በደንብ ይድፈኑ፣ ሻወሩ ሥር ጎድጎድ ያለው 90 በ90 ሳንቲ ሜትር ቦታ ከሆነ 20 ሊትር ውሃ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ደረጃውን በእርሳስ ምልክት አድርገው 24 ሰዓት ይተዉት። ትንሽ መቀነሱ ትነት ነው፣ በግማሽ መቀነሱ ግን ወለሉ ይጠጣል ማለት ነው። ሦስተኛ የግድግዳው ሴራሚክ፤ ፍሳሹ ክፍት ሆኖ ግድግዳውን ብቻ ከታች ወደ ላይ እየወጡ በየደረጃው ለ15 ደቂቃ ያርጥቡ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ነገር አርጥቦ ስለሚወርድ የቱ እንዳስገባ አይታወቅም። ውሃው ላይ የምግብ ቀለም መጨመር ይቻላል። ሳሎን በኩል ቀለሙ ከታየ ተገኘ ማለት ነው፤ ካልታየ ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ ሲሚንቶና አሸዋ ቀለሙን አጥርተው ውሃውን ብቻ ሊያሳልፉ ይችላሉና።

ከሴራሚኩ ሥር ያለው አሸዋማ ምንጣፍ ውሃን ወደ ጎን እንደሚያሻግርም ልብ ይበሉ። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ያለው ነጭ ሲሚንቶ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ በየቀኑ የሚገባው ጥቂት ውሃ ምንጣፉን አጥግቦ የግድግዳውን እግር ዓመቱን ሙሉ ያርሰዋል። ለፈረቃ ተብሎ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በርሜልና ጀሪካን የሚደረደርበት ቤት ደግሞ ወለሉ የሚደርቅበት ቀን የለውም። በርሜሎቹን ለሦስት ሳምንት ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሯቸው፤ ይህ ብቻውን ለውጥ ያመጣባቸው ቤቶች አሉ።

የእንፋሎት ነገር በእርስዎ ቤት ብዙም አያጠራጥርም። ቡና፣ ወጥና ሙቅ ሻወር የሚያወጡት እንፋሎት የሚቀመጠው ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ነው፤ ይህም የውጭ ግድግዳ ማዕዘን፣ የቁም ሳጥን ጀርባና የቆርቆሮው ሥር ነው እንጂ የውስጥ ግድግዳ አይደለም። ለማረጋገጥ ከፈለጉ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን በፀጉር ማድረቂያ ፊቱን አድርቀው በፎይል ይሸፍኑ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ይግለጡት። ጠብታው በፎይሉ ውጭ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ እንፋሎት ነው፤ በውስጥ በኩል ከሆነ ከግድግዳው የመጣ ነው።

ከላይ ያለው ግቢ ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። ጎንደር ላይ ቤት ለመሥራት ተዳፋት ሲቆረጥ፣ ከላይ የሰረገው ውሃ ከድንጋዩ ወይም ከዋልካው በላይ ተንሸራቶ በተቆረጠው በኩል ይወጣል፤ ከቤቱ ወለል ሥር ከገባም የሚያገኘው የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ እሱ የግድ የኋላው ግድግዳ ላይሆን ይችላል። የጎረቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ወቅት የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ነው፣ የሚተወው ጨውም ብዙ ነው፣ አንዳንዴም ይሸታል። ለማወቅ ከኋላው ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ርቀው፣ 40 በ40 የሆነ ጉድጓድ ከቤትዎ ወለል 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ያስቆፍሩ፤ ከዝናብ ለመከላከል በላሜራ ከድነው አንድ ሳምንት ይተዉት። በየካቲት ወይም በመጋቢት ውሃ ካቋረ ዝናብ አይደለም፣ ከሰው ግቢ የሚመጣ ነው። ደረቅ ከሆነ ግን የክረምቱን ሁኔታ አያረጋግጥም፤ ነሐሴ ላይ ደግመው ይዩት። ጎረቤትን ለማነጋገርም ከወሬ ይልቅ ውሃ ያቋረ ጉድጓድ ማሳየት ይቀላል።

እዚያ ውሃ ከተገኘ መፍትሔው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከቤቱ ኋላ ነው። ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ቦይ፣ በ10 ሜትር ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ያለው፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦና የታጠበ ጠጠር የተሞላበት፣ አፈር እንዳይደፍነው በማጣሪያ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጫፉም ከግቢው ወጥቶ ውሃ መውረጃ ላይ የሚደርስ። ከመሠረቱ ግርጌ በታች እንዳይወርድ፤ ቦዩንም በአንዴ ሳይሆን ከሁለት ሦስት ሜትር ያልበለጠ እየቆፈሩ እየሞሉ ይሂዱ፤ ክረምት ላይ ግን ጨርሶ አይጀመር። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱን ይዞ ይንቀሳቀሳል።

ጣሪያውን በአጭሩ። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 3,000 ሊትር ውሃ ነው፤ የአሸንዳው መውረጃ ይህን ሁሉ ግድግዳው ሥር የሚደፋው ከሆነ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ያርቁት። ቅጠልና በረዶ አሸንዳውን ሲሞሉት ውሃው ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ በሰኔ መግቢያ ይጠረግ።

መለኪያ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ። ሁለት ሹል ያላት የእጅ መለኪያ የተሠራችው ለእንጨት ነው፤ ጨው ያለበት ልስን ላይ ደረቁንም እርጥብ ብላ ትናገራለች፣ ፌሮ ካገኘችም እንዲሁ። የሙቀት ካሜራም የሚያየው ሙቀትን እንጂ ውሃን አይደለም። ከሁለቱም የሚሻለው አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ፣ በዝግታ፣ ልስኑንና የብሎኬቱን ፊት (አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል) አልፎ እስከ ክፍተቱ መብሳት። ዱቄቱ ጭቃ ሆኖ ከወጣ ወይም ውሃ ከተንጠባጠበ ብሎኬቱ ውስጥ ውሃ ቆሟል። በየ40 ሳንቲ ሜትሩ በአግድም ይድገሙት፤ በጣም የረጠበው ቀዳዳ ካለበት ቀጥ ብለው ወደ ላይ በአንድ ሜትር ላይ ይብሱ። ከላይም ርጥብ ከሆነ ውሃው ከላይ የሚወርድ ነው፣ ከመሬት አይደለም። ይህ ፈተና ብቻውን የግንበኛውን ሐሳብ ሊያጸናው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል፤ ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ መድፈን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ከመብሳትዎ በፊት ግን የዚያን ግድግዳ የመብራትና የሶኬት ብሬከር ያጥፉ፤ የቧንቧውን መስመር ገምተው ከእጀታዎቹ በቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ቦታ አይንኩ። የእርጥበቱ ቀበቶ ሶኬት ጋር ከደረሰ፣ በተለይ የምጣድ መስመር ከሆነ፣ ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ ጠፍቶ ይቆይ። እርጥብ ግድግዳን ሲነኩ የሚነዝር ነገር ካለ ዋናውን አጥፍተው በቅድሚያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ፤ የውሃው ጉዳይ ይቆይ።

ይህን የሚያነብ የጭቃ ቤት ያለው ሰው ከዚህ ውስጥ የቧንቧውን ክፍል ብቻ ይውሰድ። የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ውጭው ደረቅ እየመሰለ ውስጡ ይበሰብሳል፤ ቋሚውን ከእግሩ አጠገብ በሹል ብረት ወጋ ማድረግ ነው፣ ብረቱ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ ነው። በኮብልስቶን መንገድ ወይም በአፈር ሙሌት የውጩ መሬት ከቤቱ ወለል በላይ የሆነበት ቤት ደግሞ ምንጩን ሩቅ መፈለግ የለበትም፤ መሬቱን ዝቅ ማድረግ ነው። ለድንጋይና ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ኖራ ነው፤ ኖራ ያስተነፍሳል። የፋሲል ግቢ ግንቦችም የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው።

ለእርስዎ የምመክረው ቅደም ተከተል እንግዲህ ይህ ነው። ዛሬ ደብተሩን ይጀምሩ፣ በርሜሎቹን ያውጡ። በዚህ ሳምንት የውሃ ልክ ጎማውንና የብሎኬቱን ቀዳዳ ፈተና ያድርጉ፤ በሚቀጥለው የወለሉን ሦስት ፈተናዎች። መታጠቢያ ቤቱ ነፃ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ከኋላ ጉድጓዱን ያስቆፍሩ። ሁሉም ነፃ ቢወጡ፣ ቀዳዳዎቹም ከታች ብቻ እርጥብ ሆነው በሌሎቹ የውስጥ ግድግዳዎችም ተመሳሳይ ከታየ፣ ያኔ ግንበኛው ትክክል ነው። ያን ጊዜም ቆረጣው ከ80 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ቁራጭ፣ አንዱን ሞልተው ሲጠነክር ሌላውን እየቆረጡ ይሁን እንጂ በአንድ ቀን አይሆንም።

ጥፋቱ ወለሉ ላይ ከተገኘ ሲልከን መቀባት ለጥቂት ወራት ብቻ ያረካል። ሴራሚኩ ይነሳ፤ ማዕዘኑ በመረብ ጨርቅ ተጠናክሮ ሲሚንቶ አዘል የውሃ መከላከያ ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ ግድግዳው ላይ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሻወሩ ሥር ደግሞ እስከ 1.80 ሜትር ይውጣ፤ ወለሉ ወደ ፍሳሹ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ፤ ሴራሚክ ከመደርደሩ በፊት ውሃ አቁረው 24 ሰዓት ይፈትኑት። ባለሙያው ይህን ፈተና ካልፈለገ ሌላ ይፈልጉ። ውሃ መከላከያ የሚገባው በዚህ በኩል ነው፣ በሳሎኑ በኩል አይደለም።

ሳሎን በኩል ያለው መከላከያ የተጨመረበት ልስንና ዘይት ቀለም ሙሉ በሙሉ ይላጥ፤ የእርጥበቱ መስመር ካለቀበት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለውም አብሮ ይነሳ። ከዚያ ብሎኬቱ ተራቁቶ ይቆይ፤ ምንጩ ቢዘጋም የጠገበ ግድግዳ በሁለትና በሦስት ሳምንት አይደርቅም፤ በወር ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብሎ መገመት ይቻላል፣ ስለዚህ ለ20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ወራት ይጠብቁ። የበጋው ነፋስ ከማንኛውም ማሞቂያ ይሻላል፤ መስኮት ክፍት፣ ሶፋው ከግድግዳው የራቀ ይሁን። ዘንድሮ ከመጋቢት በፊት ካልተጀመረ ክረምቱን ተራቁቶ ይለፍና ኅዳር ላይ ይለሰን። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ ስድስት እጅ የታጠበ አሸዋ ይበቃዋል። አንድ ወር ቆይቶ ፎይሉ ሥር ለሁለት ቀን ጠብታ ካልታየ ውሃ ቀለም ወይም ኖራ ይቀባ፤ ዘይት ቀለም ግን በዚያ ግድግዳ ላይ አይመለስ።